ትንፋሽ የጾመበት ሁዳዴ

ሰው በሰው ይቀናል። ይህን ለማወቅ መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልግም፤ በአጥር ላይ አንገትን ብቅ ማድረግ ይበቃል። አንዱ በጎረቤቱ ግቢ ስፋት ይቀናል፣ ሌላው በጎረቤቱ ልጅ ጉብዝና፣ ሦስተኛው በጎረቤቱ ሚስት የእጅ ሙያ (ይሄ ሦስተኛው ነገሩን ለሚስቱ ካልነገራት ዕድሜው ይረዝማል)። እኔ የማወጋችሁ ዘመን ግን ለቀናተኛ የማይመች ዘመን ነበር። ደርግ ትርፍ ቤቱን ወርሶ፣ መሬቱን ወርሶ፣ ፋብሪካውን ወርሶ ሲያበቃ ለእኛ ለቀናተኞቹ የተረፈልን ነገር እጅግ ጥቂት ሆነ። ስለዚህ ያለችውን ተሻምተን እንቀናባት ነበር። በቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ላይ ከፊቱ በቆመ ሰው የሚቀና አውቃለሁ። በጎረቤቱ የዘይት ጀሪካን የሚቀናም አውቃለሁ።

እኔ ከሁሉም የባስኩ ነበርኩ። በሰው ትንፋሽ ቀንቻለሁ።

አትሳቁ። እናንተ ሳታስቡት እያስገባችሁ፣ ሳታስቡት እያስወጣችሁ ይህን የምታነቡ ሰዎች ትንፋሽ ሀብት መሆኑ አይታያችሁም። የሚታያችሁ ሲቆጠርባችሁ ነው። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ጉለሌ ውስጥ በአንድ ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ ቆሜያለሁ። የሰፈሩ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽሮና በርበሬ ወደ ባለቤቱ ቤት ከመሄዱ በፊት ጥቂት ጥቂት እያለ በእኔ ሳንባ በኩል አልፏል። ሴቶቹ «ወፍጮ ቤት የሄደ እህል ሳይጎድል አይመለስም» ሲሉ እውነታቸውን ነው፤ የጎደለው እኔ ደረት ውስጥ ነው። በጤና ጣቢያ ያዩኝ ሐኪም ነገሩን «ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ» አሉት። ሰፈሩ በአጭሩ አስም ይለዋል። ሚስቴ አስካለ ደግሞ «ድመትህ» ትለዋለች፣ ስተነፍስ ደረቴ ውስጥ ኩርር የሚል ነገር ስላለ።

በዚህ ላይ ጉለሌ ዳገት ነው። ከጳውሎስ በኩል ሽቅብ ወደ ቁስቋም የሚወጣ ጤነኛ ሰው እንኳ መሐል ላይ ቆሞ የጫማውን ክር የሚያስር ይመስላል። የኔ ቤት ከዳገቱ ግርጌ ነው። ወፍጮ ቤቱ ከላይ ነው። በመካከሉ የጋሽ በየነ ቤት አለ፤ ከጋሽ በየነ ቤት ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ በመንገዱ ዳር፣ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ይህን ድንጋይ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ጋሽ በየነ በወጣትነታቸው በማርሽ ባንድ ውስጥ ሲነፉ የኖሩ፣ ጡረታ ሲወጡ ደግሞ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ የሆኑ ሰው ናቸው። ሰው ሲሞት፣ ሰዓት እላፊው እንዳበቃ፣ ጎህ ሲቀድ ከደጃቸው ላይ ቆመው ይነፋሉ፤ ከዚያም የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይለፍፋሉ። አነፋፋቸውን ምን ብዬ ልንገራችሁ። ረጅም ነው፣ አይቸኩልም፣ መጨረሻው ላይ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ከእሳቸው አጥር አጠገብ የሚኖሩ እማማ ጥሩነሽ የሚባሉ አሮጊት «እንዲህ ከተነፋልኝስ ብሞትም አይቆጨኝ» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ይህ ሁሉ የሲጃራ ጭስ ደረታቸውን እስኪዘጋው ድረስ ነው። (ሐኪሞቹ ሲጃራ ነው ያሉት፤ እሳቸው የእንጦጦ ብርድ ነው ይላሉ።) ጥሩምባው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። እድሩም የቀበሌውን ድምፅ ማጉያ መዋስ ጀመረ። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ደግሞ ስብሰባም የሚጠራው፣ ዘመቻም የሚያውጀው እሱው ነው፤ ስለዚህ ጎህ ሲቀድ «እህ፣ እህ፣ ማስታወቂያ!» ሲል ሰው ሞቶ ይሁን ስብሰባ ኖሮ ሳናውቅ እኩል እንደነግጥ ነበር። ለስብሰባ ነጠላ አዘቅዝቀው የመጡ ሴቶች ነበሩ። ብዙም አልተሳሳቱም።

እኔና ጋሽ በየነ የተዋደድነው በዚያ ጊዜ ነው። እሳቸው ጠዋት ጠዋት ታች ወርደው የዳቦ ሰልፍ ይሰለፋሉ፤ ሲመለሱ በደጄ ሲያልፉ እኔም ወደ ሥራዬ እወጣና ተያይዘን ዳገቱን እንያያዘዋለን። ድንጋዩ ጋ ስንደርስ አንዳችን ምክንያት እንፈጥራለን። እኔ «ቆይ እስቲ፣ እንጦጦን ደመና ሸፍኖታል መሰለኝ» እላለሁ። እሳቸው «እስቲ ቁጭ ብለን እንየው» ይላሉ። ቁጭ ብለን እናየዋለን። እንጦጦን እንደ እኛ በትኩረት ያየው ሰው ያለ አይመስለኝም። የኔ ድመትና የእሳቸው ድመት ጎን ለጎን ተቀምጠው ኩርር ሲሉ ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው የተባለው ይሄ ይሆን እላለሁ። እኩል የታመመ ጓደኛ ትልቅ ነገር ነው። ጤናው ቢያምራችሁ የማታገኙት፣ በሽታው ግን እኩል የደረሳችሁ።

ታዲያ አንድ ጥቅምት ላይ፣ ለትምህርት ቡልጋሪያ የሄደችው ልጃቸው በሚመለሱ ተማሪዎች እጅ አንዲት ዕቃ ላከችላቸው። አውራ ጣት የምታህል ብልቃጥ ናት፤ ክርኑ እንደታጠፈ ክንድ በሆነ የፕላስቲክ ቤት ውስጥ ተቀምጣለች። አፍ ላይ አድርገው ከላይ ሲጫኗት ጭስ! ትላለች። በዚያን ጊዜ እኛ ሰፈር ተነፍቶ የሚወጣ መድኃኒት የምናውቀው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ለትኋንና ለቁንጫ የምንረጨው ፍሊት ነው። ስለዚህ ሰፈሩ ዕቃዋን ባየ ማግስት የጋሽ በየነ ፍሊት አላት።

በሁለተኛው ሳምንት ይመስለኛል። እንደ ልማዳችን ተያይዘን ወጣን፣ ድንጋዩ ጋ ደረስን፣ እኔ «እንጦጦን ዛሬ…» ብዬ ልቀመጥ ስል እሳቸው አልተቀመጡም።

«በል አንተ አረፍ በል፤ እኔ ዳቦው ሳይቀዘቅዝ ልድረስ» ብለውኝ ሄዱ።

ሄዱ! ዳቦ በብብታቸው፣ ዳገቱን እየቀደዱ ሄዱ። ጀርባቸውን አየሁት። የሰው ጀርባ እንዲህ ያናድዳል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ድንጋዩ ለአንድ ሰው በጣም ሰፊ ነው።

ከወር በኋላ ጥሩምባው ከግድግዳው ወረደ። በመጀመሪያው ጠዋት ሰዎች ሟቹን ረስተው «ጋሽ በየነ ተመለሱ!» እያሉ ከየቤታቸው ወጡ። ድምፅ ማጉያው ወደ ስብሰባው ተመለሰ። አስካለ ከአጥሩ ስትመለስ ፊቷ በርቶ «አየሃቸው? አሥር ዓመት ወጣት ሆኑ እኮ!» አለችኝ። እኔን አላየችኝም ማለት ነው። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ለምን እንዳልበላሁ ስትጠይቀኝ ጥርሴን አመመኝ አልኳት። ጥርስ እንኳ የለኝም በዚያ በኩል።

እኔም መድኃኒት አጥቼ አይደለም። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠኝ ክኒን ነበረኝ። ክኒኑ ደረት መክፈቱን እንጃ፣ እጅ ማንቀጥቀጡን ግን አሳምሮ ያውቅበታል። የሚዛን ሠራተኛ እጁ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ፍሊቷን በየመድኃኒት ቤቱ ጠየቅኩ፤ የለም። በየት ትምጣ? እኔ ቡልጋሪያ የሚማር ልጅ የለኝም። ያለኝ ልጅ የሚማረው ሸጎሌ ነው።

ቅናት ሰውን ምን ያህል እንደሚያወርደው ከተደበቀ ይሻላል፤ ግን አንዴ ጀመርኩት። በቀበሌው የውይይት ክበብ ካድሬው ስለ ማምረቻ መሣሪያዎች የግል ይዞታ ሲያስረዳ፣ እጄን አውጥቼ «ጓድ፣ የመተንፈሻ መሣሪያስ?» ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። የተውኩት ደግ ሆኜ አይደለም። ከተወረሰ ለሊቀመንበሩ እንጂ ለእኔ እንደማይደርስ ስለማውቅ ነው።

ቅናት ግን ታጋሽ ናት። ሁዳዴ እስኪገባ ጠበቀችልኝ።

ጋሽ በየነ ጾም አጥባቂ ናቸው። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምሱም። እኔ ክኒኑ ባዶ ሆድ ስለማይወድ ከንስሐ አባቴ ተፈቅዶልኛል። በጾሙ የመጀመሪያ ሰኞ ጠዋት ድንጋዩ ጋ ስንደርስ፣ እሳቸው ለይሉኝታ ያህል አጠገቤ ቆም አሉና ፍሊቷን ከኪሳቸው አወጡ። እኔም በጣም የዋህ የሆነውን ፊቴን አወጣሁ።

«ጋሽ በየነ፣ እንደው ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔ የቤተ ክህነት ሰው አይደለሁም…»

ሰው እንዲህ ብሎ ሲጀምር ሽሹ።

«…ይቺ ነገር በአፍ ነው አይደል የምትገባው?»

«በአፍ ነው እንጂ። ምነው?»

«አይ፣ ዝም ብዬ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን በአፍ የገባ ነገር… በቃ ይተዉት።»

መርዙ ያለው «በቃ ይተዉት» ላይ ነው። ጋሽ በየነ ፍሊቷን በመዳፋቸው ይዘው ጥቂት አዩዋት። ከዚያ ክዳኗን መለሱባትና ወደ ኪሳቸው ከተቷት። የንስሐ አባታቸውን ይጠይቃሉ ብዬ ትንሽ ሰግቼ ነበር፤ ግን ሰውየውን አውቃቸዋለሁ። ጠይቀው «ይፈቀዳል» ቢባሉ ለሥጋቸው ያደሉ ይመስላቸዋል። ካልጠየቁ ግን ክልከላው እርግጥ ነው። ሰይጣን ለአመሉ ከመጽሐፍ ይጠቅሳል ይባላል። እኔ መጽሐፍም አልጠቀስኩ።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ በየነ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉ።

ደስ አለኝ። ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ ደስ አለኝ! «እንጦጦን ደመና ሸፍኖታል» አልኩ። እሳቸው መልስ ለመስጠት ትንፋሽ አልተረፋቸውም፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ድመቶቻችን እንደ ድሮው ጎን ለጎን ኩርር አሉ። ጓደኛዬ ተመለሰልኝ ብዬ አሰብኩ። ቅናት ራሷን በፍቅር ስም ስትጠራ እንዴት ያምርባታል።

በዚህ ቢያበቃ ክፉ ሰው ተብዬ እቀር ነበር፤ ክፉ መባል ይቻላል። ያልቻልኩት የመጣውን ነው። በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ፣ እዚያው ድንጋይ ላይ፣ ጋሽ በየነ በንጹህ መሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጡና መዳፌ ላይ አኖሩት።

«አንተ መቼም… በክኒኑ ምክንያት… ተፈቅዶልሃል» አሉ፣ በየሁለት ቃሉ እያረፉ። «ይቺ እስከ ዘጠኝ ሰዓት… ሥራ ፈት ናት። ያንተን ደረት እንኳ… ትክፈት። ከሥራ ስትመለስ ትሰጠኛለህ።»

በዚያች ደቂቃ መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ ብዬ ተመኘሁ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። እውነቱ ግን እጄ ቀድሞኝ ነበር፤ ፍሊቷ ኪሴ ገብታለች።

ወፍጮ ቤት እንደደረስኩ ከጆንያው ክምር ኋላ ተደበቅኩ። አፌን ከፈትኩ፣ ተጫንኳት። ጭስ! ቅዝቅዝ ያለ መራራ ነገር ምላሴ ላይ አረፈ። ዋጥኩት። ጠበቅኩ። ድመቴ ኩርር አለች። ደገምኩ፣ ሠለስኩ። ልቤ ድም ድም ማለት ጀመረ፣ እጄም ከክኒኑ ብሶ ተንቀጠቀጠ፣ ደረቴ ግን እንዳለ ነው። ያን ቀን ሚዛን ላይ የቆምኩትን ሰው ያየ ጤፉን ይዞ ተመልሷል።

ይሄኔ ቅናቴ ሁለተኛ ፎቅ ሠራ። እስካሁን የቀናሁት እሳቸው ያላቸውን እኔ ስለሌለኝ ነበር። አሁን በእጄ ይዤው ለእሳቸው የሚሠራው ለእኔ እምቢ አለ። መድኃኒትም ሰው ይመርጣል ማለት ነው? ማርሽ ባንድ ያልነፋን ሰው አይቀበልም? እንዲህ እያልኩ፣ ምናልባት ሲበዛ እሺ ይል ይሆናል ብዬ፣ በየቀኑ ሳልሰስት ምላሴ ላይ ረጨሁት። ማታ ስመለስ በራቸው ላይ አንኳኩቼ እመልሳለሁ፣ «እንዴት ዋልክ? ረዳችህ?» ይሉኛል፣ «በጣም!» እላለሁ። ደስ ይላቸዋል። ደስታቸው ደግሞ ያበሳጨኛል።

አንድ ሐሙስ ግን ከሥራ ስመለስ በራቸው ላይ ስደርስ ከውስጥ ሲስቁ ሰማሁ። ሳቅ! ያለ ፍሊት! ፍሊቷ እኔ ኪስ ውስጥ ሆና እሳቸው ይስቃሉ። ይሄን ያህል ትንፋሽ ካላቸው ነገ ጠዋትም ይደርሳል ብዬ አላንኳኳሁም። አለፍኩ።

በማግስቱ ዓርብ ጎህ ሲቀድ ጥሩምባው ተነፋ።

አልጋዬ ላይ ሆኜ ሰማሁት። ረጅሙ ድምፅ ተነሣ፣ ወጣ፣ ሊታጠፍ ሲል ተቆረጠ። ቀስ ብሎ አልወረደም፤ ተቆረጠ። ጥቂት ቆይቶ አንድ ጊዜ ደግሞ ሞከረ፤ እሱም እንደ ሳል ሆኖ ቀረ። ከዚያ ዝም። አስካለ ተነሥታ ተቀመጠች።

«ጋሽ በየነ ናቸው» አለች። «ምን ሆኑ?»

እኔ ምን እንደሆኑ አውቅ ነበር። የሆኑት ነገር ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። ጉድጓድ ስትቆፍር አርቀህ አትቆፍር፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅምና የሚባለው ጉድጓድ ለካ ሌላ ሰው ሲገባበትም ያማል። ኮቴን በሌሊት ልብሴ ላይ ጣል አድርጌ ወጣሁ።

ያን ዳገት በሕይወቴ ሮጬው አላውቅም። ሃያ እርምጃ ሮጥኩ፤ ከዚያ በኋላ የሮጠው ልቤ ብቻ ነው። ድንጋዩ ጋ ስደርስ ዓይኔ ጨለመ። ፍሊቷን አውጥቼ ምላሴ ላይ ጭስ! አደረግኳት። ምንም። መድኃኒቱን የያዝኩት እኔ፣ የሚፈልጉት እሳቸው፣ በመካከላችን ሰባ እርምጃ ዳገት። ያለ እኔ ትንፋሽ የእሳቸው ትንፋሽ አይደርስም። በአራት እግሬ ነው የወጣሁት ብል ብዙም አልዋሸሁም።

ጋሽ በየነ በደጃቸው ግድግዳውን ተደግፈው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ጥሩምባው ጉልበታቸው ላይ ነው። ከንፈራቸው አመድ መስሏል፤ የአንገታቸው ጅማት በየትንፋሹ ይገተራል። ከታች ሆስፒታል የምትሠራው ጎረቤታችን ሲስተር ጽጌ፣ ወደ ሥራ ስትወጣ አግኝታቸው፣ ተንበርክካ አንገትጌያቸውን ትፈታለች። በአጥሩ ማዶ ከእማማ ጥሩነሽ ቤት ለቅሶ ይሰማል። የሞቱት እሳቸው ነበሩ። «እንዲህ ከተነፋልኝ አይቆጨኝ» ያሉት አሮጊት፤ ተቆርጦ የቀረው የእሳቸው ጥሩምባ ነው።

«ፍሊታቸው የት አለ?» አለች ሲስተር ጽጌ። ዘረጋሁላት። ቀና ብላ አየችኝ፤ ለምን አንተ ጋ ተገኘ ለማለት ጊዜ አልነበራትም። ነቅንቃ ወደ አፋቸው ስታስጠጋ ጋሽ በየነ ፊታቸውን አዞሩ። መናገር አይችሉም። በጣታቸው ወደ ሰማይ አሳዩ፣ ፀሐይ ገና ወደምትወጣበት። ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም ማለታቸው ነው።

«ምን እያሉ ነው?» አለች ሲስተር ጽጌ።

ነገሩን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ከለቅሶው ቤት ሰዎች መውጣት ጀምረዋል፣ አስካለም ተከትላኝ ደርሳለች። አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

«ጋሽ በየነ» አልኩ፣ ትንፋሼን እየለቀምኩ፣ «ጾም ያስገድፋል ያልኩዎት… ከየትም አምጥቼ አይደለም። ቀንቼ ነው። ድንጋዩ ላይ… ብቻዬን ጥለውኝ ስለሄዱ ቀንቼ ነው። ይውሰዱት፤ እባክዎን!»

ጋሽ በየነ አዩኝ። አለመቆጣታቸው ነው የጎዳኝ። ራሳቸውን ግን አሁንም በእምቢታ ነቀነቁ፤ የኔ ቃል ሊያስርም ሊፈታም የሚችል አልመሰላቸውም። ልክ ናቸው።

ይሄኔ ለእማማ ጥሩነሽ ጸሎት የመጡት ቄስ፣ የጋሽ በየነ የንስሐ አባት፣ መስቀላቸውን እንደያዙ ከአጥሩ ማዶ ወጡና ነገሩ ተነገራቸው። አባታችን የቸኮለ ነገር አይወዱም፤ ያን ጠዋት ግን ቸኮሉ።

«በየነ! ዛሬ ምን ቀን ነው? ዓርብ አይደለም? አዳም የተፈጠረው ዓርብ በነግህ ነው። እግዚአብሔር የሕይወት እስትንፋስ እፍ ያለበት ጠዋት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ይድረስ ብሎ አላቆየውም። በል ተቀበል!»

ጋሽ በየነ ተቀበሉ።

እኔ ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ሞት ደጃፍ ላይ ሆነው እንኳ አልተቻኮሉም። መጀመሪያ በደረታቸው የቀረችውን እስከ መጨረሻ አወጡ። ከንፈራቸውን በጥሩምባ ላይ እንደሚያደርጉት ገጠሙ። ሲስተር ጽጌ ስትጫንላቸው ቀስ ብለው፣ ረጅም አድርገው ሳቡ። ከዚያ ያዙት። ያዙት። እኛ ሁላችን አብረን ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅን። ከዚያ ለቀቁት። እንደገና። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ላይ ከንፈራቸው ወደ ሰው ከንፈር ተመለሰ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። መድኃኒቱ አላዳላም ነበር፤ እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ትንፋሽ መያዝ የተማሩ ሰው ናቸው፣ እኔ ዱቄት መያዝ።

ሲስተር ጽጌ ወደ እኔ ዞረች። «አንተስ? አንተም እኮ ሰማያዊ ሆነሃል። እስቲ እንዴት እንደምትወስድ አሳየኝ።»

አፌን ከፍቼ ምላሴን አወጣሁ።

«በስመ አብ!» አለች። «ሳንባህ ምላስህ ላይ ነው እንዴ? ይሄን ሁሉ ቀን አፍህን ስታጠጣ ነው የከረምከው!» ዕቃዋን በመሐረብ ጠረገች፣ ተቆጣች፣ የሰው አፍ የነካ ዕቃ መዋዋስ ሌላ በሽታ እንደሚያመጣ ነገረችን፣ ከዚያም አማራጭ ስላልነበረ አስተማረችኝ። አውጣ፣ ግጠም፣ ቀስ ብለህ ሳብ፣ ያዝ። ሁለት ጊዜ አበላሸሁ። በሦስተኛው ገባ። ምን ልበላችሁ? ለዓመታት ተዘግቶ የኖረ መስኮት አንድ ጣት ያህል የተከፈተ መሰለኝ። አለቀስኩ። ሰው ለእማማ ጥሩነሽ ያለቀስኩ መስሎት አብሮኝ አለቀሰ።

ጋሽ በየነ ግማሽ ሰዓት ያህል ካረፉ በኋላ፣ የከለከላቸውን ሁሉ እምቢ ብለው፣ ተነሥተው ጥሩምባውን አነሱ። ከመጀመሪያው ጀምረው፣ ረጅሙን፣ ሳይቸኩሉ፣ መጨረሻውን ቀስ አድርገው እያወረዱ ነፉት። እማማ ጥሩነሽ በእኛ እድር ታሪክ ሁለት ጊዜ የተነፋላቸው ብቸኛ ሰው ናቸው። ከቀብር መልስ አንዳንድ አሮጊቶች በዚህ ሲቀኑ ሰምቻለሁ።

የኔ ቅጣት ሰፈሩ ያወጣልኝ ስም ነበር፤ ትንፋሽ አስጿሚው። ጎመን ልገዛ ስሄድ እንኳ «ትንፋሽ አስጿሚው መጣ» ይባላል። ሌላው ቅጣት ከዚህ የከፋ ነው። ምላሴ ላይ ስረጨው የከረምኩት መድኃኒት በሰሙነ ሕማማት አለቀ፤ ብልቃጧ ስትነቀነቅ ምንም አትልም። ጋሽ በየነ ያን ሳምንት በሙሉ በየጠዋቱ ድንጋዩ ላይ እኔ አጠገብ ተቀምጠው እንጦጦን አዩ። አንድም ቀን ያለቀው በማን ምክንያት እንደሆነ አላነሱም። እኔ የተመኘሁት ይሄንኑ አልነበር? እግዚአብሔር የሰው ምኞት ሲሰጥ እንዲህ አድርጎ ነው።

ለዳግማይ ትንሣኤ ከቡልጋሪያ ዕቃ መጣ። ሁለት ፍሊት ነበር። ጋሽ በየነ ለልጃቸው «አንድ ጓደኛዬም ታሟል» ብለው ጽፈው ኖሯል። የጻፉት መቼ እንደሆነ ቀስ ብዬ ጠየቅኳት አስካለን፤ እሷ ፖስታ ቤት አብራቸው ወርዳ ነበርና። ከሁዳዴ በፊት ነው አለችኝ። ከ«በቃ ይተዉት» በፊት።

አሁን ዳገቱን እወጣዋለሁ። እንደ እሳቸው አይደለም፤ ሲስተር ጽጌ እንዳለችኝ መድኃኒቱ መንገድ ይከፍታል እንጂ ሃያ ዓመት የተከመረ ዱቄት አይጠርግም። እሳቸው ድንጋዩን ሳያርፉ ያልፉታል። ማለፍ ይችላሉ ማለቴ ነው፤ አያልፉትም። እኔ ስቀመጥ «እስቲ ቁጭ ብለን እንየው» ብለው ዳቧቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። ዳቦው ይቀዘቅዛል።

አንድ ቀን እዚያው ተቀምጠን ሳለ ከመሬት ተነሥተው «ከሁለታችን አንተ ቀዳሚ ሳትሆን አትቀርም» አሉኝ። እንደ ጨዋታ ነው ያሉት፤ ግን ጥሩምባ ነፊ እንዲህ ያለ ነገር ሲናገር ማዳመጥ ነው። «አታስብ። ረጅሙን ነው የምነፋልህ። ፍሊቴን ወስጄ፣ አንዴም ሳላቋርጥ።»

አምናቸዋለሁ። እንደ እማማ ጥሩነሽ አምሮ ነው የሚነፋልኝ፣ ሰፈሩም ከየቤቱ ወጥቶ ይሰማል፣ አስካለም ከአጥሩ ማዶ ሆና ትሰማለች፣ ሲስተር ጽጌም፣ እነዚያ ትንፋሽ አስጿሚው የሚሉኝም ሁሉ። ያን ሁሉ ትንፋሽ ለእኔ ተብሎ ሲወጣ የማልሰማው እኔ ብቻ ነኝ። ቅናቴ ለቀቀኝ ብዬ ነበር፤ ይኸው ገና ባልተነፋ ጥሩምባ፣ በሚሰሙት ሁሉ እቀናለሁ።